ጭቃ የለበሰው ቡድሃ ጠባቂ

ሉአን ዴማኦን የማውቀው የአንድ ቀን ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ስልሳ ሰባት ዓመት የነገረኝ ራሱ ነው።

ወደ ሺፒንግ መንደር የወጣሁት ለአንድ ዕጣን ማጤሻ እግር ነበር። ባለ ሦስት እግር የነሐስ ማጤሻ ነው፤ አንዱ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። የቅርስ ቢሮው አለቃዬ ቢያን ማጤሻው ያለበትን ቤተ መቅደስ ጣሪያ ለሚያድሱት ሠራተኞች ሥራ ሊያሳይ ሲሄድ፣ «አንቺም ነይና እግሩን ለኪ፤ ሁለት ጊዜ ነዳጅ አናቃጥልም» አለኝ። ሙያዬ ነሐስ ማቅለጥ ነው። ቅርስ መጠገን ከመጀመሬ በፊት ስምንት ዓመት የውሃ ቫልቭ ሳፈስስ ኖሬያለሁ።

ቤተ መቅደሱ ከመንደሩ በላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ብቻውን ቆሟል። አዳራሹ መሃል ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን የተቀመጠ ቡድሃ አለ። ጭቃ ነው። ቀይና አረንጓዴ ቀለሙ ተልጦ፣ አንድ ጆሮው ረግፎ፣ ጭዱ ወጥቷል። ቢያን አንዴ ዞረውና በቃው።

«ይሄ የትናንት ጭቃ ነው። ዕድሜም የለው፣ ሥራም የለው። ጣሪያው ሲፈርስ አብሮ ይፍረስ፤ በሲሚንቶ አዲስ እናቆማለን። ነገ ጠዋት መዶሻ ይዛችሁ ኑ።»

ጠባቂው ሉአን መጥረጊያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ከአዳራሹ ጎን ባለችው ክፍል ብቻውን ይኖራል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ አንድ ጥንድ መብያ እንጨት፣ በእሳት የሚሞቀው የጡብ መደብ ላይ የአንድ ሰው ምንጣፍ። ሚስት አላገባም። መንደርተኛው «የጭቃው ባል» ይለዋል።

ግቢው ውስጥ ተንበርክኬ ማጤሻውን ስለካ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«ልጄ፣ ነሐስ ታውቂያለሽ አሉ።»

«የምበላው በሱ ነው አጎቴ።»

«ትልቅ ነሐስ በመዶሻ ቢመቱት ምን ይሆናል?»

«እንደ ውፍረቱ ነው።»

«ጣት ቢያክልስ?»

«ጣት ካከለማ ይሰነጠቃል። አሮጌ ከሆነ ደግሞ እንደ ሸክላ ይሰበራል። የቱን ነው የሚሉኝ?»

ቢያን ያለበትን አየት አደረገና «ነይ» አለኝ።

ከሐውልቱ ጀርባ ገባን። ትከሻው ሥር ጡብ የምታህል ደረቅ ጭቃ በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣ። እጄን ሰደድኩ። ጭቃ የጠበቅኩት ቦታ ላይ አጥንት የሚሰረስር የነሐስ ቅዝቃዜ አገኘሁ። ጭቃዋ የደፈነችው ድሮ የጸሎት ጥቅል የሚከቱበትን ትንሽ የጀርባ በር ጭምር ነበርና ባትሪዬን አስገብቼ ውስጡን አየሁ።

ከታች ወደ ላይ አምስት ቀበቶ ይታያል። አንዱ ዙር ፈስሶ ከበረደ በኋላ ሌላው በላዩ ፈስሷል ማለት ነው። በየዙሩ፣ የውስጡና የውጪው ቅርጽ ማውጫ እንዳይነካኩ መሃላቸው የተተከሉት ትንንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች በሥርዓት ተደርድረዋል። ግድግዳው የትም ቦታ አንድ ጣት ነው። እኔ ክንድ የማታህል ቫልቭ ሳፈስስ እዚህ ወፍራ እዚያ ሳስታብኝ ስንቴ ጥያታለሁ። እነዚህ ሰዎች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በእንጨት ከሰልና በወናፍ፣ አንድ ቶን ተኩል ነሐስ አፍስሰው አንድም ቦታ አልሳሳባቸውም። የእጅጌውን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ፈተግሁት። ጭቃው ሲረግፍ በመሮ የተወቀረ የአበባ ሐረግ ወጣ። በሐረጉ ውስጥ ወርቅ ነበር።

ትልቅ ነሐስ ለምን እንደጠፋ ቀላጭ ሁሉ ያውቃል። ንጉሥ ገንዘብ ሲያጥረው ሳንቲም ያደርገዋል፤ ጦርነት ሲመጣ መድፍ ይሆናል። ትንሽ ቡድሃ ካፖርት ሥር ይደበቃል። ይህን የሚያህለውን ግን ማን፣ የት ይደብቀዋል?

«ማን ሸፈነው?» አልኩት።

«ያሳደገኝ መነኩሴ። የጃፓን ጦር ሲመጣ በጭድና በጭቃ ለብጦ ቀባውና፣ ነሐሱን ከደወሎቹ ጋር ወታደሮች ወሰዱት፣ ይሄ የጭቃ ምትክ ነው ብሎ አስወራ። መንደሩ ሁሉ አመነ። እኔም አምኜ ነው ያደግሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሊሞት ሲል ነገረኝ። ለማንም እንዳትል ብሎኝ ሞተ።» መጥረጊያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ያን ዓመት መኸር ላይ መንግሥት በየመንደሩ ብረት ይቅለጥ አለና የማቅለጫ ምድጃ መጣ። መንደሩ ይህን ያህል ኪሎ አስረክብ የሚል ኮታ ተጣለበት። ጋሪውን ለኔ ሰጡኝ።»

«የምን ጋሪ?»

«የብረት መሰብሰቢያ። ዘጠና ሁለት ቤት ገባሁ። ድስት፣ የበር ማጠፊያ፣ የሴት መቀስ። እናቶች ድስታቸውን ይዘው ይጎትቱኝ ነበር። እኔ አስለቀቅኳቸው። ይሄ እዚህ ተቀምጦ።»

«ነሐስ ለዚያ ምድጃ አይሆንም ነበር እኮ።»

«ኮታው ኪሎ ነበር የሚጠይቀው። ዓይነት አልጠየቀም። አንድ ቃል ብናገር ከሺፒንግ አንድ ድስት አይወጣም ነበር።»

«ድስቶቹስ ምን ሆኑ?»

«ወንዝ ዳር ተጋግረው ቀሩ። ለምንም አልሆኑም።»

«በኋላስ ለምን አልተናገሩም?»

«በኋላ ሐውልት የሚሰብሩ ወጣቶች መጡ። ከነሱ በኋላ ሌቦች። ሁልጊዜ ምክንያት ነበረኝ። ሚስትም ያላገባሁት፣ በእንቅልፌ ብለፈልፍስ ብዬ ነው።» ወደ በሩ አየ። «ነገ ዝም ካልኩ ይሰብሩታል። ከተናገርኩ ደግሞ ጋሪውን ማን እንደገፋ ያስታውሳሉ።»

«ታዲያ?»

«መዶሻ ይዘው እየመጡ ምን ታዲያ አለው?» አለና ቀጥ ብሎ ወደ ቢያን ሄደ።

ቢያን መጀመሪያ ሳቀ። «አጎቴ፣ ፀሐይ መታዎት እንዴ?» እጁን ከከተተ በኋላ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ስልክ ላይ ተጣደ።

እኩለ ቀን ላይ መንደርተኛው ወጣ። መንደርተኛ ማለት አሁን አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ሌላው ከተማ ገብቷል ወይም ሞቷል። ሉአን ፊቱን ታጥቦ፣ ሰማያዊ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በሩ ላይ ቆመና ሁሉንም ተናገረ። መነኩሴውን፣ ጋሪውን፣ ድስቶቹን። አርባ ስምንት ዓመት ያጠናው ነው።

የመንደሩ ሊቀመንበር ጭንቅላቱን አከከ። «ታዲያ መንገዱን አስፋልት ያደርጉልናል ማለት ነው?»

«የመግቢያ ትኬቱስ ለመንደሩ ነው ለቢሮው?» አለች አንዷ።

«ስለ ድስቱስ?» አለ ሉአን።

«የምን ድስት?» አለ ሊቀመንበሩ። እሱ ሲወለድ ምድጃው ፈርሶ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ቡድሃውን ፎቶ አነሳ፤ ሉአንን «ትንሽ ዞር በሉልኝ» አለው።

ቢያን አዳራሹ አያስተማምንም፣ ሐሙስ ክሬን ይመጣና ሐውልቱ ከተማ ሙዚየም ይገባል አለ። ለሉአንም «እዚያው ክፍል እንሰጥዎታለን፣ አጠገቡ ይሆናሉ» አለው።

«እዚህ ያልጨረስኩት አለኝ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ እስከ ታች ሸኚኝ።»

የወረድነው ወደ እትዬ ቶንግ ቤት ነው። ከአሥራ አንዱ ያን ዘመን በዓይኗ ያየች እሷ ብቻ ናት፤ ጉልበቷ ታሞ ዳገቱን አትወጣም። ደጃፏ ላይ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

«የጭቃው ባል መጣ! ኮምጣጤ ልትበደር ከሆነ አልቋል።»

ቆሞ ነገራት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«የኔ ድስት ጆሮው ላይ የዓሣ ምስል ነበረበት» አለች።

«ነበረበት እትዬ። ውስጡ ቅባት ነበር፤ ገና አልታጠበም።»

«አንተ ውሻ! ታስታውሳለህ እንዴ!» ነጭ ሽንኩርቱን ወረወረችበት፤ ደረቱን መታው። «ሙሽራ ነበርኩ! እናቴ ሁለት ቀን ተሸክማ ነው ያመጣችልኝ! በሸክላ ሳበስል ሲሰነጠቅብኝ አማቴ በስባሪው ወገቤን አለችኝ! ረሃብ መጣ፣ የሚጣድ ሲጠፋ ድስት ምን ያደርጋል ትል ይሆናል! ባዶም ቢሆን ድስት ድስት ነው!»

«እሺ እትዬ።»

«ምን እሺ ትለኛለህ? ጎትቼህ ነበር! እጄን ፈልቅቀህ ወሰድክ!»

«ፈልቅቄ ወሰድኩ።»

ትንፋሿ እስኪያልቅ ሰደበችው። አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ ዝናብ እንደሚመታው ሰው ዓይኑን እንኳ አልጠረገም። ተቀመጥ አላለችውም። መጨረሻ ላይ «ሂድልኝ፣ እንዳላይህ» ብላ ፊቷን አዞረች።

ከደጃፏ ስንርቅ «አንዷ ተቆጣችኝ» አለኝ። ከአንድ ትከሻው ሸክም የወረደለት ሰው ይመስል ነበር።

መኪናው ወዳለበት የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ መንደሩ መንገድ ታጠፈ። በሮቹ በዛገ ቁልፍ ተዘግተዋል፤ ጣሪያው ላይ ሣር በቅሏል። የመጀመሪያው በር ላይ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ጠበቀ።

«የኪዩ ቤት፣ ዴማኦ ነኝ» አለ ለበሩ። «ድስት አንድ፣ ማጠፊያ ሁለት ወሰድኩ። ነሐሱ እላይ ነበር። አውቅ ነበር።»

ትንሽ ጠብቆ ወደሚቀጥለው ሄደ።

«አጎቴ፣ ሰው የለም እኮ።»

«አያለሁ» አለኝ፤ አንኳኳ።

ቢያን ከታች ጥሩምባ ነፋ። ወረድኩ። መኪና ውስጥ ስገባ ሉአን ስምንተኛው በር ላይ ነበር፤ ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ እንዲከፍቱለት እንደሚጠብቅ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆሟል።