በመቀነት የሄደችው እንቁላል

ትናንት ልጄ ሳምራዊት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እማዬ፣ እይው፤ ዳይኖሰር ነው፤ ሳይፈለፈል ድንጋይ ሆኖ የቀረ» አለችኝ። እንቁላሉ ውስጥ ሽሉ ጀርባውን አጉብጦ፣ ራሱን ወደ እግሮቹ ሸጉጦ ተኝቷል። እሷ ስለ ሚሊዮን ዓመታት ትነግረኛለች፤ እኔን ግን ደብረ ታቦር አካባቢ፣ ገሳይ ወደነበረው ቤታችን የጓዳው የጤፍ ጭድ ሽታ ወሰደኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ፊደል በቆጠርኩበት ዓመት፣ እናቴ በተሰበረ ገንቦ ውስጥ ጭድ ጎዝጉዛ ዶሮ ስታስታቅፍ አንዷን እንቁላል በከሰል ምልክት አደረገችባትና «ይቺ ያንቺ ናት» አለችኝ። በዚያ ቤት የኔ የምለው ነገር አልነበረኝም፤ ቀሚሴ እንኳ የእህቴ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ማታ ገንቦው ሥር ነበርኩ።

ቀኑ ደርሶ ሌሎቹ ሁሉ ተፈለፈሉ። የኔዋ ዝም። ዶሮዋ ጫጩቶቿን አስከትላ ደጅ ስትወጣ እናቴ እንቁላሏን ዳሰስ አድርጋ «ይቺስ ቀርታለች፤ ጣያት ልጄ» አለችኝ።

«አልጥልም!» አልኩ። እልኸኛ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። በእናቴ አሮጌ መቀነት ሆዴ ላይ አስሬያት ሳልሮጥ፣ ሱዚ ሳልዘል ዋልኩ። ጎረቤታችን አያ ሙሉ ሲያዩኝ ሳቁብኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በመቀነት ሲሄድ ግን ገና ዛሬ አየሁ!» እንባዬ መጣ፤ መቀነቱን ግን አልፈታሁም። ሌሊቱንም እንዳልጫናት ፈርቼ በጀርባዬ ተኛሁ።

ጠዋት ሆዴ ላይ ኳ አለ። ጮኼ እናቴን ጠራሁ። ቅርፊቷ ላይ ሽንብራ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። ጫጩቷ አንዴ ትነካና ትደክማለች፤ አላስችል ብሎኝ በጥፍሬ ልልጥላት ስል እናቴ እጄን ያዘች።

«እጅሽን ሰብስቢ! ታግላ ካልወጣች እግሯ አይጠናም።»

ከእንባዬ ይልቅ ያ መጠበቅ ከበደኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እርጥብ፣ መልከ ጥፉ፣ የኔ የሆነች ጫጩት ወጣች።

ሳምራዊት እንዳነበበችልኝ፣ የዳይኖሰር ሽሎችም ገና ቅርፊቱ ውስጥ ሳሉ ይንፈራገጡ ነበር፤ አጥንታቸውም በዚያ ይጠና ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ግን ለመውጣት ተሰናድቶ ሳለ ቀረ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎም አሳዘነኝ።

ዛሬ በምኖርበት ደብረ ታቦር ጫጩት በካርቶን ተደርድሮ በመኪና ይመጣል፤ እንቁላል ሆዷ ላይ የምታስር ልጅ አላየሁም። እኔን ግን ያ መቀነት ጠቅሞኛል። ሳምራዊት ያለ ወሯ ተወልዳ፣ እፍኝ የማትሞላ ሆና፣ ዘመድ ሁሉ ሊያጽናናኝ ሲመጣ፣ ነርሷ «ገላሽ ላይ አጣብቀሽ እሰሪያት» አለችኝ። እንዴት ብዬ አልጠየቅኩም።

አያ ሙሉ በሕይወት ቢኖሩ ባሳየኋቸው። በመቀነት የሄደችው ይቻትና፣ ስልኳን ይዛ በእግሯ ትሄዳለች።