በተሰማ ደጅ የተጨሰው ዓሣ

ተከራዬ ዛሬ ግቢው ውስጥ ዓሣ ስታጨስ ሽታው እናቴን አስታወሰኝ።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር እዚሁ ጋምቤላ ቤት ልንከራይ ሄደን፣ አከራዩ ተሰማ "ተይዟል" አላት። እንደ እሱ ከደጋ የመጣችው ጎረቤታችን ብርቄ ስትጠይቀው ግን "ባዶ ነው፣ ነገ ግቢ" አላት። እናቴ አልተሳደበችም፣ አልለመነችም። በማግስቱ ደጁ ላይ እሳት አንድዳ የባሮ ወንዝን ዓሣ ማጨስ ጀመረች።

"አንቺ ሴትዮ! እናንተን የባሮ ሰዎችን የማላስገባው ለዚህ እኮ ነው፤ ቤቴ ሊሸት ነው!"

"ጋሼ ተሰማ፣ ሽታው ገብቷል። የቀረነው እኛ ነን።"

መንገደኛው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ የገባኝ ቀልዱ ብቻ ነበር። ብርቄ ግን "ባዶ ነው ያሉኝን ቤት ይስጧት" ብላ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም። አመሻሹ ላይ ተሰማ ቁልፉን ለእናቴ ሰጣት።

ይቺን ተከራዬን እኔ የጠየቅኳት "መቼ ትገቢያለሽ?" ብዬ ብቻ ነው።