ከግራ ሦስተኛዋ

በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት የድሮ ፎቶግራፍ የምትመዘግበው ሴትዮ ዘንድ ውልፍት የለም፤ ከጀርባው ስም ያልተጻፈበት ፎቶ፣ ሁለት ምስክር ካልቀረበ ስም አይሰጠውም። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይሄ እኮ አባቴ ነው» ብለው ቢለምኗት እንኳ፣ «ሌላ ምስክር ይዘው ይምጡ፣ አባባ» ብላ ግግም አለች። እሳቸውም በዚያው ቀሩ።

ዛሬ ከአንድ ሳጥን ውስጥ እናቷ ወጣች። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ከሠራተኞቹ ጋር ተሰልፋ፣ እንደ ልማዷ በፀሐዩ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። ፎቶውን ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። እናታቸውን ለይቶ ሁለተኛ ምስክር ሊሆናት የሚችለው ወንድሟ ብቻ ነበር፤ እሱንም አምና ቀብራዋለች።

እርሳሷን አንስታ «ከግራ ሦስተኛዋ፣ ያልታወቀች ሴት» ብላ ጻፈች።

«ምነው ትኩር ብለሽ አየሻት? የምታውቂያት ናት እንዴ?» አለቻት የሥራ ባልደረባዋ።

«የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ» አለችና የሚቀጥለውን ፎቶ አነሳች።