የኩባ ወሬና የእህቴ እንሰት

በሶዶ ገበያ ዳር ልብስ በምሰፋበት ዘመን በረንዳዬ ላይ ያልቆመ የታወቀ ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንም። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ሸቀጥ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ሆኖም ማመልከቻ የሚያጽፍ ባለጉዳይ ሁሉ ከተማሩት ይልቅ እኔን ይመርጥ ነበር። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮም ከልብስ ሰፊዎች ሁሉ ቀድሜ ገዛሁ። በገበያ ቀን ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጬ፣ በአማርኛ የሚነገረውን በወላይትኛ እተረጉም ነበር። አማርኛ የማይሰማው ገበያተኛ ዓለምን የሚያውቀው በእኔ አፍ ነው።

በ1955 ጥቅምት ሬዲዮው ስለ ኩባ ማውራት ጀመረ። የሩሲያው መሪ በዚያች ደሴት ሚሳይል አስቀምጧል፤ የአሜሪካው ደግሞ ባሕሩን በመርከብ ዘግቷል፤ ተፋጠዋል። ሬዲዮው ያለው ይህን ብቻ ነው። እኔ ጨመርኩበት።

«ሁለቱንም ሰዎች አውቃቸዋለሁ» አልኩ፤ ፎቶግራፋቸውን ጋዜጣ ላይ አይቻለሁና። «ወደ ኋላ የሚሉ አይደሉም። ጦርነቱ እዚህም ይደርሳል።»

ከቦዲቲ አጠገብ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለገበያ መጥታ ከሕዝቡ መሃል ቆማ ነበር። ባሏ ሞቶባት አምስት ልጆች የምታሳድገው በጓሮዋ እንሰት ነው።

«ልጆች አሏቸው?» አለችኝ።

«እነማን?»

«እነዚያ ሁለቱ ሰዎች።»

«እታለም፣ መሪ ልጅ አይቶ አይወስንም!» ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ።

በጣሊያን ጊዜ ቤታችን ተቃጥሎ፣ የቆመው እንሰት ተጨፍጭፎ፣ እኛን ያተረፈን ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ቆጮ ነበር። እህቴ ይህን አስባ የጎረቤት ሴቶችን ጠራች፤ የደረሰውንም ያልደረሰውንም እንሰት እየነቀሉ ይፍቁ ጀመር። የደረሰውን መቅበር ደግ ነው። ለጋው ግን ሲፋቅ ከውሃ በቀር የረባ ነገር አይወጣውም፤ እንደገና ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል።

ይህን የሰማሁት ሰኞ ጠዋት ነው። እሑድ ሬዲዮው ሌላ ነገር ተናግሮ ነበር፤ የሩሲያው መሪ ሚሳይሉን ሊያነሳ፣ የአሜሪካውም ደሴቲቱን ላይወር ተስማምተዋል። ያን ሁሉ ጦር ያሰለፉ ሰዎች በዓለም ፊት ቃላቸውን አጠፉ። እኔ በአንድ ገበያ ፊት የተናገርኩትን ማጠፍ አቃተኝ። «ነገ ደግሞ ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል» እያልኩ ሰኞን ሙሉ ሱሪ ስሰፋ ዋልኩ። ሴቶቹም ሲነቅሉ ዋሉ።

ማክሰኞ በጭነት መኪና ሄድኩ።

«የሬዲዮው ጌታ መጣ!» አለች እንሰት ከሚፍቁት አንዷ። «ጦርነቱን የት አራግፈኸው መጣህ?»

«ቀርቷል፤ አቁሙ!»

እህቴ ቀና አለች። «መቼ ነው የቀረው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ትናንትስ የት ነበርክ?»

ለስንቱ ማመልከቻ የጻፍኩ ሰው ጎንበስ ብዬ የተነቀለውን ለጋ እንሰት መሰብሰብ ጀመርኩ።

ያም ሆኖ ያከናወንኩትን ልናገር፤ ሌላ የሚናገርልኝ የለም። የጓሮውን ግማሽ አተረፍኩ። በተከታዩ ገበያ ቀን በረንዳዬ ላይ ቆሜ «ተሳስቻለሁ» አልኩ፤ በሶዶ ይህን ያደረገ ሌላ ልብስ ሰፊ አላውቅም። ዱቦ ከሚባል መንደር የእንሰት ችግኝ አስመጥቼ በገዛ እጄ ተከልኩላት። ከአምስቱ ልጆች ሦስቱን እኔ ቤት አሳደግኩ፤ ሁለቱ ሰው ቤት ተቀጥረው ከረሙ፣ ያን ማስቀረት አልቻልኩም። አንዱንም ግን አልቀበርንም።