መርሳ ላይ የበረደኝ ዓመት

መርሳ ሙቀቷ የታወቀ ነው። በግንቦት ቀትር ጎረቤቶቼ ባለሱቆች ከቆርቆሮው ሥር ወጥተው የዛፍ ጥላ ሲፈልጉ፣ እኔ ጨርቅ በምሸጥባት ጠባብ ሱቄ ውስጥ ጋቢ ደርቤ እቀመጥ ነበር። ብርዱ ከውጭ የሚመጣ አልነበረም። ከአጥንቴ ውስጥ የሚነሳ ነበር የሚመስለኝ።

መጀመሪያ የመጣው ድካሙ ነው። ተኝቼ ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም ያደርኩ ያህል እሆናለሁ። ቀጥሎ ትከሻዬንና ጭኖቼን ያመኝ ጀመር፤ ጣቃ አንስቼ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ። እዚያው መርሳ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ይወስዱና «ታይፎይድ አለብሽ» ይሉኛል። መድኃኒቱን እጨርሳለሁ፣ ድካሙ እዚያው ነው። ተመልሼ ስሄድ ታይፎይዱም እዚያው አለ ይሉኛል። ሌላ ቦታ ስሄድ አንዱ ሪህ ነው አለኝ፣ አንዱ ደግሞ ሐሳብ አታብዢ ብሎ ሸኘኝ።

እስከዚህ ድረስ በሽታ ነበር። ሌላ ነገር መሆን የጀመረው እህቴ የደወለች ዕለት ነው። እህቴ ውርጌሳ ነው የምትኖረው፤ በየጁምዓው እንደዋወላለን። ያን ቀን ስልኩን አንስቼ «አሰላሙ አለይኩም» አልኳት። እሷ ግን ከማታውቀው ሰው ጋር እንደምታወራ ሆና፣ «ወአለይኩሙ ሰላም። ይቅርታ፣ እህቴን ፈልጌ ነበር፤ ስልኩን ይስጡልኝ» አለችኝ።

«እኔ ነኝ እኮ።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

እኔ ነኝ ብዬ ብደግምላት ዘጋችው። ወዲያው ለባለቤቴ ደውላ፣ «የእህቴን ስልክ አንዲት አሮጊት ይዛዋለች፣ ተሰርቆባት እንዳይሆን» ብላዋለች። እሱ ቤት ገብቶ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ ወፍራምና ሻካራ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል። ባለቤቴ መሳቁን ተወ።

አማቴ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ ስናገር ፊቴን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ማየት ጀመሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፌ ስነቃ አልጋዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በዝግታ ያወራሉ። ዱዓ መስሎኝ ነበር። ጆሮዬን ስጥል ግን ሰው ነው የሚያናግሩት።

«ልጅቱ ቤት አላት፣ ሥራ አለባት» ይላሉ። «ከየት እንደመጣሽ አላውቅም። ግን ይበቃሻል፣ ሂጂላት።» ከዚያ መልስ እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«እማ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» አልኳቸው።

«ነቃሽ?» ብለው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና «ክፉ አይደለችም» አሉ። «ደክሟት ነው።»

በማግስቱ ባለቤቴ በሚኒባስ ወልድያ ወሰደኝ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። «ዶክተር፣ ያለውን ምርመራ ሁሉ ይዘዙልኝ» አልኩት። «ራጁንም፣ ደሴ አለ የሚሉትን ትልቁን መሣሪያም ቢሆን።»

«መጀመሪያ ንገሪኝ» አለና ወንበሩን አቀረበ። ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ሁሉ ጠየቀኝ። እንቅልፌን፣ የወር አበባዬን፣ ሆድ ድርቀት እንዳለብኝ፣ ጸጉሬ ይረግፍ እንደሆነ። ብርዱን ስነግረው ጋቢዬን አየት አደረገ።

ከዚያ ወንበር ላይ በጉልበቴ አንበርክኮ፣ ከተረከዜ ከፍ ብሎ ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ አደረገው። እግሬ ዘለለ። ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ይዞ የሚያወርደው ይመስል ቀስ ብሎ ተመለሰ። ዞሬ እያየሁት ነበር። እንደገና መታው፤ ያው ነው። ባለቤቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሐኪሙ የደም ማነስን፣ ስኳርን፣ ኩላሊትና ጉበትን፣ አንገት ላይ ያለችውን የታይሮይድ እጢ ሥራም የሚያሳይ የደም ምርመራ አዘዘ። ሌላውን ተወው።

«ትልቁ መሣሪያስ?» አልኩ ቅር ብሎኝ።

«ሁሉንም ብናዝ ከመካከሉ ትንሽ የተዛባ ነገር አይጠፋም፤ ከዚያ እሱን ስናክም እንከርማለን። የታይፎይዱ ነገርም እንደዚያ ሳይሆን አልቀረም። ሪህ ነው እንዳንል መገጣጠሚያሽ አላበጠም፣ ጠዋት ጠዋትም አይተሳሰርብሽም። እነዚህ ምርመራዎች ምንም ካላሳዩን እንመለስበታለን።»

ባለቤቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዶክተር፣ ድምጿስ?» አለው።

«የእጢዋን ምርመራ ያስመረጠኝ አንዱ እሱ ነው» አለ።

የእጢዋ ውጤት ሌላ ከተማ ተልኮ ስለሚመጣ መጠበቅ ነበረብን። በዚያ ሰሞን ለዓመታት ከእኔ ጨርቅ ስትገዛ የኖረች ደንበኛዬ ሱቅ መጥታ፣ ዓይን ለዓይን እያየችኝ «ባለሱቋ የለችም?» አለችኝ። ድምፄን ብትሰማ ይበልጥ የምትደነግጥ መሰለኝ። «ትመጣለች» አልኳት በሹክሹክታ። ስትሄድ ስልኬን አውጥቼ በካሜራው ፊቴን አየሁ። ዓይኖቼ ሥር አብጧል፤ የቅንድቤ ጫፍ ረግፏል። ስልኩ ላይ ያለችውን ሴት ረጅም ሰዓት አየኋት።

ውጤቱ መጣ። እጢዋ ሥራዋን ትታለች ማለት ይቻላል፤ ትንሽ የደም ማነስም አለ። ሐኪሙ ጠዋት በባዶ ሆድ የምዋጠው ክኒን ሰጠኝ፤ ምናልባትም ዕድሜ ልክ ነው አለኝ። ቶሎ ለውጥ እንዳልጠብቅም ነገረኝ። እውነቱን ነው። ሳምንታት አለፉ፣ ደሜ እንደገና ታየ፣ መጠኑ ተጨመረ። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ግንባሬን ስነካው እጄ ረጠበ። ላብ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ትከሻዬ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተወኝም፤ ሐኪሙ ዳስሶት ለእሱ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው ያዘዘልኝ። አማቴ ግን አንድ ጠዋት ሰላም ስላቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው «እንኳን መጣሽ» አሉኝ፣ ከመንገድ እንደተመለሰ ሰው።

ባለፈው ሰሞን ከሐራ የመጣች አንዲት ሴት ሱቄ ገባች። የማላውቃት ሴት ናት። እጄን ይዛ አልለቅም አለች።

«ባሌ የሞተ ጊዜ እዚህ መጥቼ ነበር» አለች። «ያደረግሽልኝን አልረሳውም።»

«ምን አደረግኩልሽ?»

«በዚያ ሙቀት ጋቢ እንደደረብሽ ከውስጥ ወጥተሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። በዚያ ወፍራም ድምፅሽ ‹ተኚ፣ እኔ እጠብቅሻለሁ› አልሽኝ። እዚያ ጣቃው ላይ ተኛሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ቀን ነው። እስክነቃ ድረስ አልተንቀሳቀስሽም።»

ፊቷን ደጋግሜ አየሁት። ቀኑንም እሷንም አላስታውስም። እንደዚያ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ በባሕርዬ ሱቄ ውስጥ ሰው አላስተኛም።

«አላህ ይስጥሽ» አለችኝ።

«አሚን» አልኳት። ከዚያ የሻሽ ጨርቅ ጠየቀችኝ፤ ለክቼ ቆረጥኩላት።