ፌስታል የለበሰችው ኮሶ

ከፍሪጅ የወጣ የሰላጣ ፌስታል ከውስጥ አልቦት ካየሁ ዛሬም ልቤ ይደልቃል። ባለቤቴ «ሰላጣ እንዲህ የሚያስደስተው ሰው አይቼ አላውቅም» እያለች ትስቅብኛለች። እሷ ያን የደባርቅ ክረምት አታውቀውም።

ስለ ዛፍ ዘር ማሻሻል የምንማር ሁለት ተማሪዎች ነበርን፤ እኔና አንዲት የዳባት ልጅ። በእረፍታችን ደባርቅ ወዳለ ችግኝ ጣቢያ ተልከን፣ ከየቦታው በመጣ ዘር የበቀሉ የኮሶ ችግኞችን እየለካን እናወዳድር ነበር። ታዲያ ወደ ሊማሊሞ መውረጃ አንዲት ግንዷ ቀጥ ያለ፣ ባለ ግርማ ኮሶ አየንና ፈዘን ቀረን። አዲሱ መንገድ በእሷ ላይ ያልፋል፣ ክረምቱ ሲወጣ ትቆረጣለች ተብሎ ነበር። የአንድ አዛውንት ገበሬ ዛፍ ነበረች፤ የተከሏት ሟች ሚስታቸው ናቸው።

«ዘሯን ወስደን እናበቅላለን» ብንላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱማ ልጇ ነው እንጂ እሷ አይደለች፣ ልጆቼ።»

የዳባቷ ልጅ ዓይኗ በራ። «ራሷን ማትረፍ ይቻላል አባ! ቅርንጫፏን ቆርጠን ከችግኝ ግንድ ጋር እናጣብቀዋለን። ከያዘ፣ ከላይ የሚያድገው እሷው ናት።»

አብሮን የመጣው መምህራችን «ኮሶ እንዲህ በዋዛ አይይዝም፤ ሞክሩት ግን» አለን። እኛን ማን ይያዘን! በማግስቱ በጉም ውስጥ ዛፏ ላይ ወጣሁ። የእርጥብ ልጥ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ የቆረጥኩትን የዳባቷ ልጅ ከታች በነጠላዋ ትቀበላለች። ችግኝ ጣቢያው ወስደን፣ ችግኞቹን በምላጭ ሰንጥቀን፣ ቅርንጫፎቹን አጣብቀን፣ በላስቲክ ጠፍረን፣ እርጥበቱ እንዳያመልጥ ፌስታል አለበስናቸው።

አዛውንቱ ፌስታሉን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። «አበጃችሁ! ከዓይን ጋረዳችኋት።»

ስለ እርጥበቱ ላስረዳቸው ስል የዳባቷ ልጅ በክርኗ ጎሸመችኝ። ከዚያ ወዲያ ችግኝ ጣቢያው አዛውንቱን ዘበኛ አገኘ። እንትፍ እንትፍ ሳይል ወደ ችግኞቹ የሚጠጋ አልነበረም፤ መምህራችን እንኳ ዙሪያውን ገላምጦ፣ እንትፍ ብሎ ነው የገባው።

ግን ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ጠቆሩ። ተስፋችን ሁሉ በአንዲቷ ላይ ቀረ። አንድ ጠዋት ባላበው ፌስታል ውስጥ የምስር ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር አየሁ። ጮህኩ። የዳባቷ ልጅ አንድ ጫማዋን ጭቃ ውጦት፣ በሌላው እያነከሰች ደረሰች፤ «ያዘች! ያዘች!» እያልን በዝናብ ዘለልን።

ልንመለስ ስንሰናዳ የመንገዱ ማሽን መጣ። አዛውንቱ ዛፏ ስትወድቅ እንዳያዩ ልናባብላቸው ወደ ሊማሊሞ መውረጃ ሮጥን፤ የሉም። ያገኘናቸው ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ቁጢጥ ብለው ነው። የግንዷ መውደቅ እስከዚያ ድረስ ተሰማ። ዞር አላሉም። ፌስታሉን ቀስ ብለው ገለጥ አደረጉና፣ እንትፍ እንትፍ ብለው፣ ጎንበስ አሉ።

«እንደምን ከረምሽ?» አሏት።