ሁለቴ የማይጠይቀው አፕ

አቶ አምባቸው አትላንታ አጠገብ ኢስት ፖይንት ካለ የመኪና ማቆሚያ ወደ አየር ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳሉ፤ ሁልጊዜም በሌሊት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሉሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ ቀን ቀን ይሠራሉ። ፓይን ሌክ ውስጥ አንድ ቤትና አንድ አልጋ አላቸው፤ በተለያየ ሰዓት ይተኙበታል። ምሽት ላይ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲመለስ ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ ከተገጣጠሙ የመኪና መብራት ብልጭ ይደራረጋሉ። የሳምንቱ ጨዋታቸው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ስለዚህ አቶ አምባቸው የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀን ሺፍት።

ቀድሞ ሺፍት የምታድለው ዲስፓቸሯ ፋናዬ ነበረች።

"ጋሼ፣ ቅዳሜን ትሠራለህ?"

"አይ፣ ለሌላ ሰው ስጪው።"

"ኧረ በሞቴ!"

"ልጆቹ ይሥሩ ባክሽ።"

"ጋሼ፣ አታስለምነኝ እንጂ!"

"እንግዲህ ካልሽ..."

ሁለቱም መልሱን ከመጀመሪያው ያውቁታል። ቢሆንም አንድም ቀን አሳጥረውት አያውቁም።

ከዚያ ድርጅቱ ሺፍት የሚያድል አፕ አመጣ። አንድ ቀን በሹፌሮች ማረፊያ ክፍል የአቶ አምባቸው ስልክ ጮኸ። የቀን ሺፍት ተከፍቷል፤ ይፈልጋሉ? ከጥያቄው ሥር ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አረንጓዴው አክሰፕት፣ እሺ ማለት ነው፤ ግራጫው ዲክላይን፣ እምቢ። የአቶ አምባቸው ልብ ዘለለ። ከዚያም እንደ ጨዋ ሰው ግራጫውን ነኩና ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አለ አጠገባቸው የተቀመጠው ሹፌር ጎሹ።

"ደግሞ እስኪጠይቀኝ።"

የጎሹ ስልክ ጮኸ። ጎሹ ድምፁ ሳያልቅ ነካው።

"ምንድን ነው?"

"የቀን ሺፍት። አክሰፕት አደረግኩት።"

"አንዴ ሲሉህ?"

"ስንቴ ይበሉኝ ታዲያ? ሽማግሌ ይላኩብኝ?"

አቶ አምባቸው በቀጥታ ወደ ፋናዬ ቢሮ ሄዱ። ፋናዬ ኮምፒውተሯ ላይ ስማቸውን ፈልጋ አገኘችና ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፑ የእያንዳንዱን ሹፌር ፍላጎት ከሚነካው ቁልፍ ተነሥቶ ይገምታል። የሠሩት ሰዎች የሰውን ልጅ በሦስት እርምጃ ጨርሰውታል፤ ያያል፣ ይወስናል፣ ይነካል። አቶ አምባቸው የተሠሩት ግን በሌላ ንድፍ ነው፤ ያያሉ፣ ይፈልጋሉ፣ እምቢ ይላሉ፣ ይለመናሉ፣ ይቀበላሉ። አፑ እምቢታው ላይ ሲደርስ ጥሏቸው ይሄዳል።

"የመጣልህን ሁሉ ዲክላይን አድርገሃል" አለች ፋናዬ። "ሥራ የማይፈልግ ሰው ነው ብሎሃል።"

"እኔን?"

"እንዲያውም ከሹፌሮቹ ሁሉ መጨረሻ ነህ። ከኋላህ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ለቋል።"

"ታዲያ ንገሪው!"

"ማንን? ጋሼ፣ ይሄ ወሬ አይሰማም። የምትነካውን ብቻ ነው የሚያየው። ያገኘኸውን ሁሉ አክሰፕት አድርግ፤ ቀስ እያለ ሐሳቡን ይቀይራል። ከክረምቱ በኋላ ሌላ የቀን ሺፍት መከፈቱ አይቀርም።"

አቶ አምባቸው የአፑን ልብ ለማግኘት ክረምቱን ሙሉ ደከሙ። ሚኒባሶቹን እጠብ አላቸው፤ አረንጓዴውን ነኩ። በረዶ ሊጥል ነው ተብሎ አትላንታ ሱቅ ለሱቅ ዳቦ ስትሻማ፣ በረዶውን እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ ጨው በትን አላቸው፤ ነኩ። ላልጣለ በረዶ ጨው ሲበትኑ አደሩ። የድርጅቱ ምልክት ዳክዬ ነውና አንድ ቀን የዳክዬውን ልብስ ለብሰህ በር ላይ ለመንገደኞች እጅህን አውለብልብ አላቸው። ይህን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ግን ነኩ።

"ጋሽ ዳክዬ፣ ወደዚህ እይ!" አለ ጎሹ ፎቶ እያነሣ። "አሁንስ እንደኔ በአንድ ጊዜ እሺ ማለት ተማርክ!"

"ዝም በል፣ አንተ ስግብግብ!" የሚል ድምፅ ከምንቃሩ ውስጥ ወጣ።

በመጋቢት አንድ እሑድ፣ ባልና ሚስቱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ገና ከመቀመጣቸው ስልኩ ጮኸ። የቀን ሺፍት ተከፍቷል፤ ይፈልጋሉ? አቶ አምባቸው ወዲያው አረንጓዴውን ነኩት። አፑ ግን በዚህ አላበቃም፤ እርግጠኛ ነዎት ወይ ሲል ሌላ ጥያቄ ከነሁለት ቁልፉ አወጣ።

የአቶ አምባቸው ፊት ቀላ።

"አየሽው? ቸኮለ ብሎ ታዘበኝ። እኔ እኮ ነውር መሆኑን አውቄዋለሁ!" ጣታቸው ወደ ግራጫው ሄደ።

"አንተ ሰውዬ!" ወይዘሮ ሉሊት የባላቸውን አውራ ጣት አፈፍ አድርገው ያዙት። ለጥቂት ጊዜ ያ ጣት በሁለት ሰዎች መካከል ወዲህና ወዲያ ተጎተተ። ወይዘሮ ሉሊት በየቀኑ አረጋውያንን ከአልጋ ሲያነሡ የሚውሉ ሴት ናቸው፤ ጣቱ አረንጓዴው ላይ አረፈ።

የቀን ሥራው በተጀመረበት ሰኞ ምሽት ሁለቱም ሳሎን ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀመጡ። ወይዘሮ ሉሊት ለባላቸው ክብር ብለው ድራማቸውን አጠፉ፤ አቶ አምባቸው አዲስ ካልሲ አድርገው ስለ አየሩ አነሡ። ማክሰኞ ድራማው ተመለሰ። ረቡዕ መስኮቱ ይከፈት አይከፈት በሚል ተጣሉ። ጠቡ ከእራት እስከ መኝታ ዘለቀ፤ የሁለቱንም ወገን ዘመዶች አዳረሰ። ለዓመታት እንዲህ ላለ ጠብ የሚበቃ ሰዓት አግኝተው አያውቁም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፋናዬ፣ "እንዴት ነው ታዲያ የቀን ሥራ፣ ጋሼ?" አለቻቸው።

"ትናንት ማታ ከሉሊት ጋር ተጣላን" አሉ ፊታቸው በርቶ። "ገና አላለቀም። ዛሬ ማታ እንቀጥላለን።"